በቀኝ ጆሮ የተጠና ዘፈን

አባቴ «አሜሪካኖች ዘፈናችንን ሰረቁን» ይላል። እውነቱን ለመናገር የሰረቁት እሱና ታናሽ ወንድሙ ናቸው። ይህን ፊት ለፊት የሚነግረው ሰው ግን ገና አልተወለደም፤ እኔም ብሆን ምሳዬን በሰላም መብላት ስለምወድ ዝም እላለሁ።

ዘፈኑ የድሮ ሮክ ኤንድ ሮል ነው። መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ የተዘፈነ፣ ፈጠን ያለ፣ በመኪና ጥላው ስለሄደች ልጅ የሚያለቅስ፣ ልቅሶው ግን ሰውን የሚያስጨፍር ዘፈን። ፈረንሳዮች ወሰዱትና በቋንቋቸው ዘፈኑት፤ ፍጥነቱን ቀነሱለት፣ በአንድ ድምፅ የነበረውን በሁለት ድምፅ አደረጉት። የፈረንሳዮቹ ሸክላ በመርከብ ጅቡቲ ደረሰ። ከጅቡቲ ደግሞ አንድ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ በሻንጣው፣ ከሸሚዞቹ መሀል ሸጉጦ ድሬዳዋ አስገባው። አባቴና አጎቴ ያኔ ድሬዳዋ የባቡር ጥገና የሚሠሩ ጎረምሶች ነበሩ፤ ቀን ዘይትና ግራሶ ሲነካኩ ይውላሉ፣ ሲመሽ በሠራተኞች ክበብ ጊታር ይዘው ይዘፍናሉ። ሸክላውን እስኪፋቅ ድረስ ሰሙት። ከዚያ ፈረንሳይኛውን አራግፈው አማርኛ አለበሱት። ልጅቷንም ከመኪና አውርደው ባቡር ላይ አሳፈሯት፦ «ለገሃር ላይ ቆሜ ሰዓቱን ሳየው፣ የሚሄደው ባቡር፣ የሚቀረው እኔው።» የባቡር ሠራተኛ ሌላ ምን ይጽፋል?

የአሜሪካኖቹ ቅጂ በሬዲዮ ድሬዳዋ የደረሰው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። አባቴ ጆሮውን ሬዲዮው ላይ ለጥፎ ሰማና «ዘፈኑ የኛ ነው፤ አቻኩለው አበላሹት እንጂ» አለ። እስከ ዛሬ ከዚህ ቃሉ ፍንክች አላለም።

እኛ ስንዘፍን ሁላችንም በአንድ መንገድ ነው የምንሄደው። አውጪው ያወጣል፣ ተቀባዩ ያንኑ ይመልሳል፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ቢሆንም ዜማው አንድ ነው። በዚህ ዘፈን ግን ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሁለት ዜማ ይዘው ይሄዳሉ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከሥር። የሥረኛውን አባቴ በባቡር ፈረንሳይኛው «ዱዚዬም» ይለዋል፣ ሁለተኛ ድምፅ ማለቱ ነው። ልጅ ሆኜ ሲያስረዳኝ አንድ ጣቱን ያነሳ ነበር። «ዘፈኑ ሦስት አኮርድ ነው ያለው፤ አንድ ላይ የሚመቱ የጊታር ድምፆች ማለቴ ነው። ሁለተኛው አኮርድ የሚቆመው ፋ ላይ ነው። የኛ ትዝታ ደግሞ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ ነው፤ ፋ የሚባል ሰው አያውቅም። ስለዚህ ዋናውን ዜማ በአምስቱ ውስጥ አስቀረሁትና ፋን ለወንድሜ ሰጠሁት።»

ይህ ነበር የሁለቱ ብልሃት። ከላይ ስትሰማው የቤትህ ዜማ ነው፣ ትዝታ ነው። ከሥር ግን አጎቴ ያችን ባዕድ ድምፅ ይዞ ድርቅ ብሎ ይቆማል። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ስደርስ እስከ ዛሬ ወደ ኋላ መልሼ እሰማዋለሁ። የአጎቴን ዜማ ለብቻው ብትሰማው ግን ዘፈን አይመስልህም፤ መንገድ የጠፋበት ሰው ነው የሚመስለው።

አንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ በትልቅ ቴፕ ቀድቷቸዋል። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ማይክ ስለተከለላቸው፣ ሲከፈት በግራ በኩል አባቴ፣ በቀኝ በኩል አጎቴ ይሰማል። ከትልቁ ቴፕ ወደ ካሴት ተገለበጠ፣ ከካሴት ደግሞ የሆነ ጊዜ ድሬዳዋ ሄጄ ወደ ስልኬ አስገለበጥኩት። ደብቄ ነው የምሰማው። አጎቴ ታሞ ከሞተ ወዲህ አባቴ ያን ዘፈን አንድ ቀን አልዘፈነም። ጊታሩን አልጣለም፣ ሌላውን ሁሉ ይጫወታል። ያን ዘፈን ሲጠይቁት ግን «ግማሽ ዘፈን አልዘፍንም» ይላል፤ ቅጂው ከተከፈተ ደግሞ ጫማውን አድርጎ ከቤት ይወጣል።

እኔ ጅቡቲ የመጣሁት ለሥራ ነው። የምኖረው በቀጣሪዎቼ በፈረንጆቹ ቤት ነው፤ አበስላለሁ፣ አጥባለሁ፣ ልጆቻቸውን እጠብቃለሁ። እናቴ ስትሞት አባቴን ከድሬዳዋ አምጥቼ ካርቲየ ሰባት የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁለት። ጅቡቲ ለሱ እንግዳ አገር አይደለችም፤ የሐዲዱ ጫፍ ናት። አንዳንድ ጠዋት ፀሐይ ሳይከር ጭነቱን ከባድ መኪና ወስዶበት እስከተዘጋው አሮጌ ጣቢያ ድረስ በእግሩ ይሄድና ተቆጥቶ ይመለሳል። የዕረፍት ቀኔ ዓርብ ናት። ዓርብ ጠዋት ማዕከላዊ ገበያ ገብቼ ዓሣና ሎሚ እገዛለሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ ስለብሰው የከረምኩትን ፈረንሳይኛ በሩ ላይ አውልቄ «አባባ፣ አለህ?» እያልኩ እገባለሁ። ሁልጊዜ መልሱ «የት እሄዳለሁ?» ነው።

ሰውዬዬን ያገኘሁት በበርበሬ ነው። አዳማ ያለችው አክስቴ በርበሬ ስትልክልኝ ወደ ጅቡቲ በሚወርድ የከባድ መኪና ሹፌር ነው የምትልከው። ሹፌሩ ደወለልኝና ካርቲየ ሦስት አንድ ሱቅ በር ላይ ተገናኘን። ዕቃውን ሲሰጠኝ ዓይኑ ቀልቷል። «ከጋላፊ ድንበር ጀምሮ ሲያስነጥሰኝ ነው የመጣሁት» አለኝ፣ «ጋቢና ውስጥ ደግሞ ይማርህ የሚል ሰው የለም።»

እኔም «ይማርህ» አልኩት። በዚያው ቀረሁ።

ሚስቱን በሕመም ካጣ ቆይቷል። እኔ ደግሞ አርባን ካለፍኩ ቆይቻለሁ፤ ምን ያህል እንደቆየሁ የኔ ጉዳይ ነው። ጨዋ ሰው ነው፣ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል፣ ያልኩትን አይረሳም። ከእንግዲህ ማንም አይመጣም ብዬ ልቤን ዘግቼ የተቀመጥኩ ሴት ነበርኩ፤ እሱ ግን በየጉዞው ምክንያት እየፈለገ መጣ። አንድ ጊዜ ሎሚ እዚህ ሞልቶ ተርፎ ሳለ ከአዋሽ ሎሚ ይዞልኝ መጥቷል። ወደድኩት፣ ምን ልበል።

በወጉ ሽማግሌ ላከ። አንደኛው ጡረታ የወጡ ትራንዚተር ናቸው፤ የሰው ዕቃ ከወደብ ሲያስወጡ ዕድሜያቸውን የፈጁ፣ ለስላሳ አንደበት ያላቸው ሰው። ሌላኛው ነባር ሹፌር ናቸው። እኔ መጋረጃው ወዲያ፣ ምድጃው አጠገብ ሆኜ እሰማለሁ። ትራንዚተሩ በሩ ላይ እንደቆሙ «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ነው የመጣነው» አሉ።

«ሥራው ምንድን ነው?» አለ አባቴ።

«ከባድ መኪና ያሽከረክራል፤ ሠርቶ የሚበላ...»

«ገባኝ። ባቡሬን ገደሉ፣ አሁን ደግሞ ልጄን ሊወስዱ መጡ?»

ነባሩ ሹፌር ነገሩን ለማለዘብ «አሁን እኮ አዲስ ባቡር አለ፣ እኛንም ከገበያ ሊያስወጣን ነው» ቢሉት ባሰበት። «እሱ ባቡር አይደለም፤ ፉጨት እንኳ የለውም» ብሎ ፊቱን አዞረ። ሽማግሌዎቹ «ተመልሰን እንመጣለን» ብለው ወጡ። የመጀመሪያው እምቢታ ወግ ነው፣ ማንም አይከፋበትም። የአባቴ እምቢታ ግን የወግ እንዳልሆነ እኔ አውቀዋለሁ።

በዚያው ሰሞን ሌላ መርዶ መጣ። የሰውዬዬ ድርጅት ወሩ ሲያልቅ ወደ ሌላ ወደብ መስመር ሊያዛውረው ነው። ከዚያ በኋላ ጅቡቲን አያያትም፤ እኔም እሱን አላየውም። ከተጋባን እዚሁ ከተማ ውስጥ ዕቃ በሚያመላልስ ሰው ዘንድ ሥራ ይዞ ሊቀር ቃል ገብቶልኛል። ካልተጋባን ለማን ብሎ ይቀራል? እኔ ደግሞ ያለ አባቴ ምርቃት አላገባም። «አርባ ዓመት አልፎሽ ደግሞ ፈቃድ?» ያሉኝ ጓደኞች አሉ። እነሱ አባቴን አያውቁትም፤ አንድ ልጁ ነኝ፣ ፊቱን አዙሮብኝ ከምገባበት ቤት ደስታ አላገኝም። ግትርነቴን ከማን እንደወረስኩት መቼም ግልጽ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር አሰብኩ። አባቴን በክርክር የረታው ሰው የለም፤ በዘፈን ግን ይላላል። ሰውዬዬ ድምፁ መልካም ነው፣ ብቻውን ረጅም መንገድ የሚነዳ ሰው ሁሉ ዘፋኝ ነው። የአባቴን ዘፈን አጥንቶ፣ የአባቴን የራሱን ዜማ ቁጭ አድርጎ ቢዘፍንለት ልቡ ይራራል አልኩ። አደገኛ መሆኑን አላጣሁትም። ሌላ መንገድ ግን አልታየኝም። ዘፈኑን በስልክ ላኩለትና «ሽምድድ አድርገህ ያዘው፣ አንድ ቃል እንዳትስት» አልኩት።

«ይህን ለመያዝ ጊዜ ሞልቶኛል» አለኝ። እውነትም ሞልቶታል፤ ከተማው መውጫ ላይ ፔካ ዱዝ የሚባለው የመኪና ማቆሚያ ተሰልፎ የጭነት ተራ እየጠበቀ ነበር። ሹፌሮቹ እዚያ ተሳቢው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ጥላ ይዘው ይውላሉ።

ዓርብ ከምሳ በኋላ፣ ገና ከመኪና የወረደ ጫት ከማዕከላዊ ገበያ ገዝቶ መጣ። የድሬ ሰው እንዲህ ያለ ጫት ይዞ የመጣን እንግዳ ከበር አይመልስም፤ አባቴም አልመለሰም። ትራሱን ተደግፎ፣ ቬንቲሌተሩን ወደ ራሱ ብቻ አዙሮ «ግባ» አለው። ትንሽ ስለ ሙቀቱ ተጨዋወቱ። ከዚያ ሰውዬዬ ጉሮሮውን ጠራረገ። «አባባ፣ ከፈቀዱልኝ የእርስዎን ዘፈን ተለማምጃለሁ» አለ። አባቴ ዓይኑን አነሳ።

ዘፈነ። ገና ከመጀመሪያው ስንኝ ላብ አጠመቀኝ። ዜማው ወደ ላይ መውጣት ያለበት ቦታ ላይ አይወጣም፣ መውረድ ያለበት ላይ ድርቅ ብሎ ይቆማል። ቃሉ ልክ ነው፣ አንድ አልሳተም፤ ዜማው ግን የሌላ ነው። ሁለተኛው አኮርድ ጋ ሲደርስ ያችን ማንም የማያውቃትን ድምፅ ይዞ ቀጥ አለ፤ በሙሉ ልቡ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የአባቴ አገጭ ቆመ። ጫቱን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ሰውዬውን ለረጅም ጊዜ አየው፤ እንደዚያ ያለ አስተያየት ከሱ አይቼ አላውቅም። ዘፈኑ ሲያልቅ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተጋደመና «በሉ ልረፍበት» አለ።

ከቤት ወጥተን ጥጉ ላይ ያለው ሱቅ እስክንደርስ ራሴን ያዝኩ። ከዚያ ለቀቅኩት። «ምን ነካህ አንተ? ያን ሁሉ ቀን ምን ስትሠራ ነው የከረምከው? ያ ዘፈን ነው?»

«የላክሽልኝን ነው የዘፈንኩት» አለ። ግራ ገብቶታል፤ ከፍቶታልም።

«እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልላክሁልህም።»

ስልኩን አውጥቶ ኤርፎኑን ሰካና የቀኙን ጆሮዬ ውስጥ አስገባልኝ። አጎቴ ነው። አጎቴ ብቻውን፣ ፋውን ይዞ ቆሟል። የግራው ኤርፎን ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ይኸኛውስ?» አልኩት።

«እሱን አላደርገውም። ተራ ጠሪው ሲጣራ ካልሰማሁ ሰልፍ ያልፈኛል። የሁሉም ሹፌር አንድ ጆሮው ክፍት ነው።»

እውነቱን ነው። ፔካ ዱዝ ሄዶ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ሁሉም አንዱን ጆሮ ለስልኩ፣ አንዱን ለተራ ጠሪው ሰጥቶ ነው የሚውለው። የግራውን አንስቼ ጆሮው ውስጥ ከተትኩለት። መልኩ ሲለዋወጥ አየሁ። «ይኼ ደግሞ ማን ነው?»

«አባቴ ነዋ። ዘፈኑ እኮ እሱ ነው።»

«እኔ እኮ» አለ፣ «ከኋላ ራቅ ብሎ የሚንጫጫ ሰው አለ ብዬ ስበሳጭበት ነበር።»

ሳቅኩ፤ እንባዬ እየወረደ ሳቅኩ። ከዚያ ነገሩ ገባኝና ሳቁ ጠፋ። ሰውዬዬ ሳያውቀው የአባቴን የሞተ ወንድም ድምፅ አምጥቶ ፊቱ አስቀምጦለታል፤ ለዚያውም ብቻውን፣ ዜማው ሳይኖር። ይህን ስነግረው የሱቁ ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። «ልሂድና እግራቸው ላይ ልውደቅ» አለ። «አሁን ተወው» አልኩት። ሽማግሌዎቹ በሚቀጥለው ዓርብ ይመጣሉ፣ እሱም በዚያው ሳምንት ወይ ይቀራል ወይ ይሄዳል። ሁሉ ነገር ያለቀ መሰለኝ።

ያን ሳምንት ሩዝ አሳረርኩ፣ ነጭ ልብስ ከቀይ ጋር አጠብኩ፤ እመቤቲቱ አሞኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሳህን እያጠብኩ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ነበር። ሐዲድና ጎማ ሰበብ ነው። አባቴ እናቴን ቀበረ፣ ወንድሙን ቀበረ፣ ሥራው ተዘጋበት፤ የቀረሁት እኔ ነኝ፣ እኔም ዓርብ ዓርብ ብቻ። ያችንም ሹፌር ሊወስድበት መጣ። ይህ ሳይገባኝ መቆየቱ አናደደኝ። ሲገባኝ ደግሞ ባሰ፤ ከዚያ በኋላ እንኳን ልቆጣው፣ አዝንለት ጀመር።

ሳምንቱ መሀል ላይ ደወለልኝ። አባቴ አይደውልም፤ የሚደውል ከሆነ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ሳህኑን ጥዬ አነሳሁት።

«ያ ሹፌር ጭነት ይዞ ሄደ?»

«አልሄደም አባባ፣ ተራ አልደረሰውም።»

«እ» አለና ዘጋው።

ዓርብ ሽማግሌዎቹ መጡ። አባቴ ሸሚዝ ለብሷል፣ ጢሙን ተላጭቷል። ጊታሩ ጭኑ ላይ ነው። ትራንዚተሩ ገና «ባለፈው እንደነገርንዎት» ብለው ሲጀምሩ እጁን አነሳ። «ልጁ የት ነው?»

ወጉ አይደለም፤ ሽማግሌ ሲናገር ልጁ አብሮ አይቆምም። ነባሩ ሹፌር ግን «ከጥጉ ሻይ ቤት ቁጭ ብሏል» አሉና ሄደው አመጡት። ሰውዬዬ ሲገባ ፊቱ የተፈረደበት ሰው ፊት ነው። እኔም መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ይደበቃል።

«ተቀመጡ» አለ አባቴ ሽማግሌዎቹን፣ «ዘፈን ቆሞ አይሰማም።» ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞረ። «ባለፈው የዘፈንከውን ድገመው። እንዳትቀይረው።»

ጊታሩን መታው። ሦስቱ አኮርዶች ያችን ጠባብ ክፍል ሞሏት። ሰውዬዬ ጀመረ፤ ድምፁ መጀመሪያ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። አባቴ አፉን ከፍቶ ከላይ ገባ። ያን ዘፈን ከአባቴ አፍ ከሰማሁት ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ መቁጠር አልችልም። አንድ ስንኝ ሄዱ። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ። እንደገና ሞከረ፣ እንደገና ተሰበረ። ጊታሩን ሳያቆም አየኝና «አንቺ ያዥልኝ» አለ።

ያዝኩለት። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው ዜማ ነው፤ በአባቴ ፊት ግን ዘፍኜው አላውቅም። እኔ ከላይ፣ ሰውዬዬ ከሥር ሆነን ሄድን። ሁለተኛው አኮርድ ላይ እሱ ያችን ድምፅ ይዞ ሲቆም እኔ ትዝታዬን ይዤ አለፍኩበት፤ ሳንጋጭ፣ ሳንደባለቅ። ትራንዚተሩ አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጣሉ። አባቴ ጣቶቹ ብቻ ይንቀሳቀሳሉ፤ ዓይኑ ሰውዬው ላይ ነው፣ አንድ ጊዜ እንኳ አልነቀለውም።

ስንጨርስ አባቴ የጊታሩን ክሮች በመዳፉ ያዘ።

«ዱዚዬምን» አለ አባቴ ለሽማግሌዎቹ፣ «ፈልጎ የሚይዝ ሰው የለም። ሁሉም ዋናውን ነው የሚፈልገው። ይኼ ሰው ግን ዋናውን ትቶ ዱዚዬምን መረጠ።»

በዚህ ብናበቃ ነገሩ አልቆ ነበር። ሰውዬዬ ግን ዝም ማለት አልሆነለትም። እኔ በዓይኔ እለምነዋለሁ፤ እሱ እጁን አጣምሮ ቆመ። «አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎት። መርጬ አይደለም። ኤርፎኑን በአንድ ጆሮዬ ብቻ ነበር የማደርገው፣ የእርስዎን ድምፅ አልሰማሁትም። ዘፈኑ ይኼው ብቻ መስሎኝ ነው ያጠናሁት። ሁለተኛ ድምፅ መሆኑን አላውቅም ነበር።»

በዚያች ደቂቃ ላንቀው ፈለግሁ። አፍህን ዝም በልልኝ፣ ተራህ ደርሶ ሳለ ምን ያስለፈልፍሃል ልለው ፈለግሁ። አባቴ ጊታሩን አልጋው ላይ አስቀመጠ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ልይዘው ተጠጋሁ። እየሳቀ ነበር። ጥርሱ እስኪታይ፣ ትንፋሽ እስኪያጥረው ሳቀ።

«ወንድሜም አያውቅም ነበር» አለ።

ሁላችንም አየነው።

«ኩሩ ነበር። አጃቢ ነህ ብዬው ኖሮ አይዘፍንም ነበር። ስለዚህ ዋናውን ያዝ ብዬ ይኼን ሰጠሁት። እስኪሞት ድረስ ዋናው ድምፅ የኔ ነው፣ አንተ ታጅበኛለህ እያለ ነው የኖረው። ለሰውም እንደዚያ ነበር የሚያወራው።»

«አልነገሩትም?» አሉ ትራንዚተሩ።

«ለምን ብዬ?» አለ አባቴ። «ደስ ብሎት ይዘፍን ነበር።» ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። «ልጄ አርባ ዓመት አልፏታል፣ የምትፈልገውን ታውቃለች። እኔም እሺ ብያለሁ። ወስዶ እንዳይርቅብኝ ብቻ።»

ሰውዬዬ ተንበርክኮ ጉልበቱን ሳመው። አባቴ እጁን ራሱ ላይ ጫነና መረቀው፤ ረጅም ምርቃት፣ የጤና፣ የዕድሜ፣ የመንገድ። ሲመርቀው በወንድሙ ስም ነበር የጠራው። ማናችንም አላረምነውም።